ባሕሩ የት ሄደ? ከገና እስከ ከተራ ከእማዬ ጋር በዛንዚባር

«አንቺ ልጅ፣ ባሕሩ የት ሄደ?»

እሑድ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። እማዬ ነጠላዋን እንደለበሰች በረንዳው ላይ ቆማለች። እኔ ገና አልጋ ላይ ነኝ። ማታ ስንገባ ጨልሞ ስለነበር ምንም አላየንም። ነፋሱ የኮኮናት ዛፎቹን ሲያንኮሻኩሻቸው ሁለታችንም የባሕር ድምፅ መስሎን «ተመስገን» ብለን ነው የተኛነው።

ተነሥቼ አየሁ። እውነቷን ነው፣ ባሕር የለም። እርጥብ አሸዋ አለ። እዚህም እዚያም ያቆረ ውሃ አለ። በጎኑ የተጋደመ ጀልባ አለ። ማዕበሉ በጣም ከሩቅ እንደ ነጭ ክር ይታያል። «ከአልጋዎ ሳይነሡ ባሕሩን ያያሉ» ተብሎ በአዳር 110 ዶላር የከፈልኩበት ባሕር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሸሽቶ ሄዷል።

ከተመለስን ጀምሮ ስለ ዛንዚባር፣ ስለ ታንዛንያዋ ደሴት፣ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ስንት ፈጀ? መቼ ይሻላል? የት እንረፍ? አንዴ ጽፌው ልገላገል። ያረፍንባቸውን ሁለት ቤቶች ስም ግን አልጠራም። ሠራተኞቹ ደግ ነበሩ፣ እንጀራቸውን መዝጋት አልፈልግም። ደግሞም ከቤቱ ስም ይልቅ የደሴቲቱ የትኛው ጎን እንደሆነ ማወቅ ነው የሚጠቅማችሁ። እሱን እኔ ዘግይቼ ነው ያወቅኩት።

የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እማዬ 68 ዓመቷ ነው። አሜሪካ ከመጣች አሥራ ሁለት ዓመት ሆናት፣ ዜግነቷንም ወስዳለች። አንዴ ኦሽን ሲቲ፣ እዚያው ሜሪላንድ ያለ የባሕር ዳርቻ፣ ወስጃት ነበር። «ነፋሱ ራሴን ፈለጠኝ» ብላ መኪና ውስጥ ዋለች። ስለዚህ ሞቅ ያለ ባሕር ላሳያት ፈለግኩ። ያውም በፈረንጆቹ ክረምት፣ እኛ አካፋ ይዘን በረዶ በምንዝቅበት ሰሞን።

መጀመሪያ ካንኩንና ፑንታ ካና አየሁ። ከፈረንጅ ገና እስከ አዲስ ዓመት ያለው ዋጋ አይቀመስም። ማልዲቭስም አየሁ። ፎቶው ልብ ይሰርቃል። ግን ብዙው ሪዞርት የራሱ ደሴት ላይ ብቻውን ነው ያለው። ጎረቤት የለ፣ ገበያ የለ፣ የምትበላውም እዚያው በእነሱ ዋጋ ነው። እማዬ ሰው ካላየች ዕረፍት አይሆንላትም። የእኛን ገና አዲስ አበባ ለማክበር ወስነን ስለነበር ካርታውን ገልጬ ከቦሌ ወዴት ቅርብ እንደሆነ ፈለግኩ። ዛንዚባር በቀጥታ በረራ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። የሰዓት ለውጥ እንኳ የለውም። አለቀ።

አሁን ወደ ስሕተቴ። የዋሽንግተንና አዲስ አበባን ቲኬት በነሐሴ ቆረጥኩ። የዛንዚባሩን «ቆይ ይደርሳል» ብዬ ኅዳር ላይ ለብቻው ገዛሁ። በኋላ ሳሰላው አንድ ላይ ብቆርጠው ኖሮ በሰው 180 ዶላር ያህል ይቀርልኝ ነበር። ገንዘቡ ቆጭቶኛል፣ ይቆጨኛልም። በታኅሣሥ የምትሄዱ ከሆነ ሁለቱንም በአንድ ቲኬት፣ ያውም በጊዜ ያዙ።

«ሲዝን» የሚሉት ነገር ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን ለማረፊያው ኢሜይል ስጽፍ ነው። ለፈረንጅ አዲስ ዓመት ሳምንት ስጠይቅ፦ በአዳር 175 ዶላር፣ ከአምስት ሌሊት በታች አይቻልም፣ ሙሉው ቀድሞ ይከፈላል፣ ብትቀሩ አይመለስም። ከጥር 3 ጀምሮ ስጠይቅ፦ በአዳር 110 ዶላር፣ ቀብዱ 30 በመቶ ብቻ። ያው ክፍል፣ ያው አልጋ፣ ያው ባሕር። ፈረንጁ ወደ ሥራው ተመልሷላ! ገናችን ዘግይቶ መምጣቱ ለካ ጥቅም አለው።

አየሩም ቢሆን ለእኛ ያደላል። እነሱ «ቩሊ» የሚሉት ትንሹ ዝናብ ኅዳርን ይዞ እስከ ታኅሣሥ ይንጠባጠባል። «ማሲካ» የሚሉት ትልቁ ዝናብ ከፈረንጆቹ መጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ጥር ደረቅና ሞቃት ነው። ሞቃት ስላችሁ ቀልድ አይደለም፣ ወበቁ ሸሚዝ ከገላ ጋር ያጣብቃል። ለፈረንጅ ገና የሚሄደው ሰው ውዱን ዋጋ ከፍሎ የዝናቡን ጭራ ሊይዝ ይችላል። ከገና እስከ ከተራ ያለችው ሳምንት ግን ለእኛ የተሰፋች ናት። በገና ዋዜማ እኅቴ በረዶ የዋጠው የመኪናዋን ፎቶ ከሜሪላንድ ላከችልን። እማዬ አይታ «ውይ ልጄን» አለችና ወደ ዶሮዋ ተመለሰች።

ወረቀቱን በአጭሩ ልበል። ለአሜሪካ ፓስፖርት ቪዛው 100 ዶላር ነው። ኢንተርኔት ላይ ቀድማችሁ ጨርሱት። የመንግሥቱን ገጽ የሚመስሉ ግን የደላላ የሆኑ ገጾች አሉ፣ አድራሻውን ደግማችሁ እዩ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ ደንባችሁ ሌላ ስለሆነ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አረጋግጡ። ከዚያ ኢንሹራንስ አለ። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ሰው የራሷን የዛንዚባርን ኢንሹራንስ መግዛት ግዴታው ነው፣ ለአዋቂ 44 ዶላር። «እኔ የራሴ አለኝ» ማለት አይሠራም። እኔ ሞክሬው ነበር።

ቢጫ ካርዱ ግን ታሪክ አለው። ከኢትዮጵያ ስትገቡ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። የእኔ አዲስ ነው። የእማዬ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ ወደ አሜሪካ ስትመጣ ያወጣችው ነው። ላዩ ላይ ለአሥር ዓመት እንደሚያገለግል ተጽፎበታል። ጊዜው አልፏል ብዬ ተደናገጥኩ። በእሷ ዕድሜ ይህን ክትባት እንደገና መውሰድ ደግሞ ሐኪም ማማከር ይጠይቃል። ለካስ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ አንድ ጊዜ የተወሰደው ክትባት ለዕድሜ ልክ እንዲሆን ዓለም አቀፉ ደንብ ተቀይሯል። የድሮው ካርድም ይሠራል። እማዬ ካርዱን ከዳዊቷ ውስጥ መዝዛ ሰጠችኝ። «ወረቀት አይጣልም ስላችሁ ትስቃላችሁ» አለች። ኤርፖርት ላይ ያለችው ነርስ አየት አድርጋ መለሰችላት።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ስቶን ታውን አደርን። ይህ አሮጌው የድንጋይ ከተማ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ነው። ያረፍንበት ሆቴል የተቀረጸ ትልቅ የእንጨት በር አለው፣ የሐረርን የግንብ ቤቶች አስታወሰኝ። በሩ ሲያምር ያልጠየቅኩት ጥያቄ ነበር፤ ክፍላችን ስንተኛ ፎቅ ነው? አራተኛ። ሊፍት የለም። ደረጃው ቀጥ ያለ መሰላል ነው ማለት ይቻላል። እማዬ በየፎቁ ቆማ እያረፈች «ይሄ ስለት ነው ወይስ ሽርሽር?» እያለች ወጣች። በማግስቱ ታች ያለ ክፍል ለመንኩ። «ሲዝን ነው፣ ሞልቷል» አሉኝ። ሒሳብ ስዘጋ ደግሞ «የበዓል ጭማሪ» ብለው በአዳር 20 ዶላር አከሉ፣ በካርድ ስከፍል ሌላ አምስት በመቶ። ጭማሪው እስከ ጥር 2 ድረስ እንደሆነ ውሉ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ነበር። አላነበብኩም። ለሆቴሉ ሦስት ከአምስት ሰጠሁት።

ከተማዋን ግን ወደድኳት። ጠባብ ናት፣ ትጠፉባታላችሁ፣ ግን የትም ብትጠፉ ዞራችሁ ባሕሩ ጋ ትወጣላችሁ። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው። ትከሻና ጉልበት ሸፍኖ መሄድ ጨዋነት ነው። እማዬ በረጅም ቀሚስና በነጠላ ስትሄድ የሚያያት ሁሉ ያከብራታል። ልጆች እየሮጡ መጥተው «ሺካሞ» ይሏታል። ትንሽ ለትልቅ የሚያቀርበው ሰላምታ ነው። መልሱ «ማራሃባ» ነው። አንድ ቀን ሳይሞላ ለመደችው። እኔን ማንም ሺካሞ አላለኝም፣ «ታክሲ? ስፓይስ ቱር?» ነው የሚሉኝ።

የሰዓቱን ነገር ልንገራችሁ። ሐሙስ ማታ ከአንድ ጀልባ ነጂ ጋር ተስማማሁ። በማግስቱ ቻንጉ የምትባለው ደሴት ሊወስደን፣ ለሁለታችን 35 ዶላር። «ስንት ሰዓት?» ስለው ሦስት ጣቱን አሳይቶ «ሳአ ታቱ» አለኝ። ታቱ ሦስት እንደሆነ አውቃለሁ፣ አውሮፕላን ላይ ከአንድ እስከ አሥር አጥንቻለሁ። በቃ፣ ከምሳ በኋላ ብዬ ተረጋጋሁ። ጠዋት ሻያችንን እየጠጣን እማዬ የእጅ ሰዓቷን አየች። «ሰውየው በሦስት ሰዓት አላለም እንዴ? ሦስት ከሩብ ሆነ እኮ።»

እማዬ አሥራ ሁለት ዓመት አሜሪካ ኖራ ሰዓቷን አንድም ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር አስተካክላ አታውቅም። በዚህ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል! «እማዬ፣ እዚህ ሦስት ሰዓት ማለት ከሰዓት በኋላ ነው» ልላት አፌን ስከፍት ስልኬ ጮኸ። ነጂው ነው። ውሃ ዳር ቆሞ እየጠበቀን ነው። ስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ነው፣ ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ። ሳአ ታቱ ማለት ቁርጥ የእኛ ሦስት ሰዓት ነው። አሜሪካ ያበላሸኝ እኔን ነው። ሮጠን ስንደርስ ሰውየው እየሳቀ «ሃራካ ሃራካ ሃይና ባራካ» አለ። ችኮላ በረከት የለውም ማለት ነው። እማዬ «ባራካ» የምትለውን ያዘቻት፣ «በረከት ነው ያለው» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ቃል ስታድን ዋለች። ሳአ ሰዓት፣ ባሃሪ ባሕር፣ ሱካሪ ስኳር።

ቻንጉ ላይ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የሠሩት እስር ቤት አለ። ታስሮ የኖረበት ግን የለም፣ የበሽተኛ ማቆያ ነው የሆነው። ሰው የሚሄደው ለኤሊዎቹ ነው። መጀመሪያ አራት ሆነው ከሲሼልስ በስጦታ የመጡ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1919። ዕድሜያቸው ጀርባቸው ላይ በቀለም ተጽፏል። አንዱ ላይ ከ190 በላይ የሚል ቁጥር አየን። እማዬ ትንሽ አሰበችና «ታዲያ አጤ ምኒልክን ይበልጣል» አለች። ሒሳቡን ሠራሁት፣ ልክ ናት። ጎመን ስታበላው «እንኩ ጋሼ» አለችው።

ያው ዓርብ ነው፣ ጾም ነው። ምሳ ቤት ገብተን እማዬ በአማርኛ «ጾም ነው በይው» ስትለኝ አስተናጋጁ ቀድሞ «ሳውሙ?» አለ። በእነሱም ጾም ሳውሙ ነው። ሥጋም ወተትም እንደማትበላ ሳስረዳው «ማሃራጌ ያ ናዚ» አመጣላት። ናዚ ማለት ኮኮናት ነው፣ አትደንግጡ። ቀይ ባቄላ በኮኮናት ወተት ተቀቅሎ፣ ከሩዝ ጋር። ለጿሚ ሰው ዛንዚባር ገነት ናት፤ ኮኮናቱ የማይገባበት ወጥ የለም። ዋጋው 8,000 ሺሊንግ፣ ያኔ ሦስት ዶላር ከምናምን ነበር።

ማታ ፎሮዳኒ መናፈሻ ወረድን። በየማታው የምግብ ገበያ ይዘረጋል። ሁሉም የሚያወራለት የዛንዚባር ፒዛ ፒዛ አይደለም። ስስ ሊጥ ውስጥ የተፈጨ ሥጋ፣ እንቁላልና ሽንኩርት አጥፈው በዘይት ይጠብሱታል። የሰነፍ ሳምቡሳ ነው። እኔ የምመክራችሁ ኡሮጆን ነው። በእርድ ቢጫ የሆነ፣ ኮምጠጥ ያለ ሾርባ ነው። ውስጡ ድንች፣ ባጅያ፣ ላዩ ላይ የተጠበሰ የካሳቫ ፍቅፋቂ ይገባበታል። የባሕር ምግቡን ግን በዓይናችሁ አትመኑ። በእንጨት ተሰክቶ የተደረደረው ከመቼ ጀምሮ እንደተደረደረ አይታወቅም። ዋጋም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሳልጠይቅ ለበላሁት አንድ እንጨት ኦክቶፐስ 30,000 ሺሊንግ ተጠይቄ 15,000 ከፍያለሁ፣ እሱም ተጨቃጭቄ።

ቡናውስ? ጆውስ ኮርነር የሚባል አደባባይ አለ። ወንዶቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ወሬና ዶሚኖ ይዘዋል። ቡናው ከሾጣጣ የነሐስ ማንቆርቆሪያ በሲኒ ይቀዳል። እማዬ ብቸኛዋ ሴት ሆና መካከላቸው ተቀመጠች። አንድ ፉት አለችና ፊቷን ቋጠረች። «ዝንጅብሉ ቡናውን በላው።» ሦስት ሲኒ ጠጣች።

የባሪያ ንግዱ ገበያ የነበረበት ቦታ ላይ ገበያው እ.ኤ.አ. በ1873 ከተዘጋ በኋላ የአንግሊካን ካቴድራል ተሠርቷል። ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ውስጥ የቆሙ፣ አንገታቸው በሰንሰለት የታሰረ የሰው ሐውልቶች አሉ። እማዬ ጫማዋን አውልቃ ቆመች። እዚያ ፎቶ አላነሣንም።

ቅዳሜ ወደ ጃምቢያኒ፣ ወደ ሁለተኛው ማረፊያችን፣ ስንሄድ መንገዳችንን ለውጠን ኪዚምባኒ የቅመም እርሻ ገባን። ለአንድ ሰው 20 ዶላር። አስጎብኚው ቅጠል እየቀነጠሰ «ይህ ምንድን ነው?» እያለ ይፈትነናል። ፈረንጆቹ እየተገረሙ ይሳሳታሉ። እማዬ ግን ገና ሳይጨርስ «እርድ፣ ጠጅ ሣር፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቀረፋ» ትላለች፣ እኔ አስተረጉማለሁ። ቅርንፉዱን እነሱ ካራፉ ይሉታል። ገውዙን ሲፈለቅቀው ውስጡ በደማቅ ቀይ መረብ ተጠቅልሎ ወጣ። ዱቄቱን ዕድሜ ልኳን በእጇ የፈጨች ሴትዮ እንዲህ ሆኖ እንደሚበቅል አታውቅም ነበር፣ ደጋግማ አገላብጣ አየችው። ኮረሪማ አለኝ ብሎ ኢሊኪ ሲያመጣላት ግን አሽትታ መለሰችለት። «ይሄ ሄል ነው። ኮረሪማ የእኛ ነው።» መጨረሻ ላይ ሰውየው ወደ አንድ ዛፍ ወሰደንና በኩራት «ይህስ?» አለ። ቡና ነው። ከዚህ በኋላ ጉብኝቱ መቀጠል አልቻለም።

እንግዲህ ማታ ጃምቢያኒ ገባን፣ ጠዋት ባሕሩ የለም። የማረፊያውን አስተዳዳሪ ጠርቼ ፎቶውን በስልኬ አሳየሁት። «ይህ የት ነው?» «እዚሁ ነው» አለ፣ ምንም ሳያፍር። «ከሰዓት በኋላ ይመጣል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የደሴቲቱ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ ያሉበት፣ በጣም ረባዳ ነው። ባሕሩ ትንሽ ዝቅ ሲል ብዙ ርቀት ይሸሻል። በቀን ሁለት ጊዜ ይሄዳል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ልደቷ ሲሆን ፀሐይና ጨረቃ አንድ መስመር ላይ ሆነው ይስቡታል። ያኔ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ አራት ሜትር ሊጠጋ ይችላል። እኛ የሄድንበት ሳምንት ደግሞ ጨረቃዋ ሰኞ ጥር 5 ሞላች። ከነገሩ ሁሉ መጥፎውን ሳምንት መርጫለሁ። በእነዚያ ቀናት ውሃው ጠዋት አራት ሰዓት አካባቢ ጨርሶ ይርቃል፣ አሥር ሰዓት ላይ ግጥም ብሎ በረንዳው ሥር ይመጣል። ሲመጣ ግን! ወተት የጨመሩበት ሰማያዊ፣ ለብ ያለ። እማዬ እስከ ወገቧ ገብታ «ጠበል ይመስላል» አለች።

ቀኑን ሙሉ መዋኘት የምትፈልጉ ከሆነ ሰሜን ሂዱ፣ ኑንግዊ ወይም ኬንድዋ። እዚያ ባሕሩ ቶሎ ስለሚጠልቅ ያን ያህል አይሸሽም። በሲዝኑ ግን ሕዝቡና ጫጫታውም እዚያ ነው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ቡክ ከማድረጋችሁ በፊት የጨረቃዋን ቀን ካላንደር ላይ እዩ። ሌላው ቢቀር ፎቶው ስንት ሰዓት ላይ እንደተነሣ ጠይቁ።

አሁን ደግሞ ያልጠበቅኩትን ልንገራችሁ። ያን እሑድ ጠዋት እኔ አኩርፌ ቁርስ ላይ ስቀመጥ እማዬ ጠፋች። ስፈልጋት ባሕሩ በነበረበት ሜዳ መሐል፣ ቀሚሷን ሰብስባ ከሦስት ሴቶች ጋር አጎንብሳለች። ሴቶቹ ሙዋኒ ያመርታሉ፣ የባሕር አረም። ችካል በሁለት ረድፍ ይተክላሉ፣ በመካከሉ ገመድ ይወጥራሉ። ገመዱ ላይ በየስንዝሩ ትንሽ ትንሽ የአረም ዘለላ ያስራሉ። ውሃው ሲመለስ ይሸፍነዋል፣ እዚያው ያድጋል። ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ይለቅሙትና በፀሐይ አድርቀው ይሸጡታል። ከውስጡ የሚወጣው ማወፈሪያ ጥርስ ሳሙናና አይስክሬም ውስጥ ይገባል። ሥራው በአብዛኛው የሴቶች ነው። ውሃው ሲሸሽ ነው የሚሠሩት፣ ስለዚህ እኔ የረገምኩት ሰዓት የእነሱ የሥራ ሰዓት ነው።

አንደኛዋ ሴትዮ ክሩን በጣቷ ጠቅልላ ቋጠሮውን ለእማዬ ታሳያታለች። እማዬ ትሞክራለች፣ ይፈታል። ሴትዮዋ ትስቃለች፣ እጇን ይዛ እንደገና ታሳያታለች። አንድም የጋራ ቋንቋ የላቸውም። አንድ ገመድ እስከ መጨረሻው አብረው አሰሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ ጠዋት ጠዋት እዚያው ናት። ከፀሐይ መውጫ ጋር ትነሣለች። ዳርቻው ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ ጸሎቷን ወደ ባሕሩ ዞራ ታደርሳለች፣ ከዚያ ወደ ሴቶቹ ትወርዳለች። እኔ ፓጄ ሄጄ ከሙዋኒ የተሠራ ሳሙና ገዛሁ። የእኔ አስተዋፅኦ ይኸው ነው።

እግራችሁን ግን ጠብቁ። በሽሽት ጊዜ ስትራመዱ የባሕር ጃርት አለ። ጥቁር፣ እሾሃም፣ ድንጋይ ሥር የሚደበቅ። ማክሰኞ ረገጥኩት። የማረፊያው ምግብ አብሳይ ጥሬ ፓፓያ ቆርጦ ወተቱን እግሬ ላይ አንጠባጠበልኝ። እሱ ያድነኝ ወይስ በራሱ ይተወኝ እንጃ፣ ማታ መራመድ ችያለሁ። የጎማ ጫማ 25,000 ሺሊንግ ነው፣ ከመርገጣችሁ በፊት ግዙ።

ነፋሱም አለ። ካስካዚ ይሉታል፣ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍስ። ድሮ የዓረብ ሸራ ጀልባዎችን ወደዚህ ያመጣ የነበረው እሱ ነው። ዛሬ ፓጄ ላይ በትልቅ ካይት እየተጎተቱ ውሃ ላይ የሚንሸራተቱ ፈረንጆችን ያመጣል። ለእኛ ጥቅሙ ወበቁን ማስታገሱ ነው። መብራት ሲጠፋ በተለይ። አምስት ሌሊት ውስጥ ሁለቴ ጠፋ፣ ጄኔሬተሩ የሚያበራው ምግብ ቤቱን ብቻ ነው። ይህም ድረ ገጹ ላይ አልተጻፈም። ሶኬቱ እንደ እንግሊዞቹ ሦስት ጥርስ ነው፣ የአዲስ አበባውም የአሜሪካውም አይገባም። አዳፕተር ያዙ።

ባሕር ዳር ላይ ሱቅ በደረቴዎቹ ብዙ ናቸው፤ ዶቃ፣ ካንጋ ጨርቅ፣ የጀልባ ሽርሽር። አይነኳችሁም፣ ግን አይለቋችሁም። በትሕትና «ሃፓና፣ አሳንቴ» (አይ፣ አመሰግናለሁ) ማለት ይበቃል። እማዬን ማንም አላስቸገራትም። ሺካሞ ብሎ ያልፋታል።

ገንዘቡ ይኸውላችሁ። ለሁለት ሰው፣ ለሰባት ሌሊት፣ ከአውሮፕላን ቲኬት ውጭ 1,650 ዶላር አካባቢ ሄደ። ቪዛውና ኢንሹራንሱ ብቻ 288 ነው። ከስቶን ታውን ጃምቢያኒ መኪናው 40 ዶላር ነበር፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ይነዳል። ዶላር ስትይዙ አዲስ አዲሱን ያዙ፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 በፊት የታተመውን አይቀበሉም። ሒሳብ ስትዘጉ ደግሞ በሰው በአዳር የሚቆረጥ የመንግሥት ክፍያ አለ። ዋጋው ውስጥ ተካቷል ወይ ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ማረፊያው ንጹሕ ነው። አጎበሩ አልተቀደደም። ረቡዕ ለእማዬ የጾም ቁርስ ሳንጠይቃቸው ለብቻው ሠሩላት፣ ቻፓቲ በዘይትና የኮኮናት ምስር። ይህን አልረሳላቸውም። ሦስት ተኩል ከአምስት ሰጠኋቸው።

ሐሙስ ጥር 8 ስንወጣ አስተዳዳሪው ሻንጣችንን መኪና ላይ እየጫነ ያጎደልኩትን አንድ ተኩል ጠየቀኝ። ስልኬን አውጥቼ የእሑዱን ጠዋት ፎቶ አሳየሁት። ሜዳው፣ የተጋደመው ጀልባ፣ ከሩቅ የእማዬ ነጠላ። «ይህንንም ገጻችሁ ላይ አድርጉት» አልኩት። ሳቀ። «ይህን ካደረግንማ ማን ይመጣል?»

እማዬ መኪናው ውስጥ ሆና «ምን አለ?» አለችኝ። ተረጎምኩላት።

«እኔ እመጣለሁ በይው» አለች።